የጋራ ማከማቻ ለአነስተኛ የቪዲዮ ቅንብር ቡድን
ከመግዛት በፊት ማስላት

መግቢያ

እንደሚታወቀው ሁሉ፣ አንድ ዕጩ መምህር ሲያስተምር በቪዲዮ ቀርጾ፣ በኋላ ራሱ እንዲያየውና ከአሠልጣኙ ጋር እንዲወያይበት ማድረግ አዲስ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ በአሜሪካ በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ድዋይት አለንና ባልደረቦቻቸው ማይክሮ ቲቺንግ የተባለውን ዘዴ ከጀመሩ ወዲህ በብዙ አገሮች የመምህራን ማሠልጠኛዎች የተለመደ ሆኗል። ያን ጊዜ የቪዲዮ መቅረጫ መሣሪያ ከባድና ውድ ነበር። ዛሬ ግን አንድ ደኅና የእጅ ስልክ ወይም መለስተኛ ካሜራ ይበቃል። ስለሆነም ሦስት አራት ሆነው የናሙና ትምህርት የሚቀርጹና የሚያቀናብሩ ቡድኖችን ማቋቋም ብዙ አያስቸግርም።

መቅረጹ ቀሏል። የተቀረጸውን መያዙ ግን አልቀለለም። አንዱ ሠልጣኝ በላፕቶፑ፣ ሌላው በፍላሹ፣ ሦስተኛው በስልኩ ይይዛል። «የመጨረሻው ቅጂ ማን ጋ ነው?» ተብሎ ሲጠየቅ ሁሉም ወደ ሁሉም ይጠቁማል። የከፋው ደግሞ የምረቃ ጊዜ ሲደርስ ነው። ተመራቂው ይሄዳል፤ ላፕቶፑም አብሮት ይሄዳል፤ የዓመት ሥራም በዚያው ይቀራል። ተጽፎ የጠፋ ማስታወሻ ተመልሶ ሊጻፍ ይችላል፤ አንድ የ4ኛ ክፍል ተማሪ ክፍልፋይ የገባው ያን ዕለት፣ ያን ደቂቃ ግን ተመልሶ አይቀረጽም።

ለዚህ ችግር መፍትሔው በኔትዎርክ የተገናኘ የጋራ ማከማቻ ነው። በዚህ ጽሑፍ ልናሳይ የምንፈልገው አንድ ዋና ነገር አለ። ይኸውም፦ ርካሽ ማከማቻ የሚገኘው ርካሽ ዕቃ በመፈለግ ሳይሆን፣ በገመዱ ላይ በየሰከንዱ ምን ያህል እንደሚያልፍ አስቀድሞ በማስላት ነው። ስሌቱ ከማባዛትና ከማካፈል አያልፍም።

1. የጋራ ማከማቻ ምንድን ነው?

የጋራ ማከማቻ ማለት ሃርድ ዲስኮች የተገጠሙለት፣ ከሌሎቹ ኮምፒዩተሮች ጋር በገመድ የተያያዘና ሌት ተቀን የሚሠራ አንድ ኮምፒዩተር ነው። አቀናባሪዎቹ ፋይሉን ወደየራሳቸው ማሽን ሳይገለብጡ፣ እዚያው ባለበት ከፍተው ይሠሩበታል። አንድ ቅጂ፣ አንድ ቦታ፣ ብዙ ሠራተኛ ማለት ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንዲሉ፣ አንዱ በጀርባው የሚሸከመውን የፋይል ክምር ቡድኑ በጋራ ይይዘዋል።

«ታዲያ ለምን ኢንተርኔት ላይ አናስቀምጠውም?» የሚል ጥያቄ ሊነሣ ይችላል። መልሱን በቁጥር እንመልከት። በሰከንድ 100 ሜጋቢት የሚቀርጽ ካሜራ በአንድ ሰዓት 45 ጊጋባይት ያህል ይሞላል። የተቋሙ የኢንተርኔት መስመር ወደ ላይ የሚልከው በሰከንድ 10 ሜጋቢት ቢሆን፣ ያንን የአንድ ሰዓት ቀረጻ ለመላክ ያለማቋረጥ 10 ሰዓት ይፈጃል። መብራት ወይም መስመሩ መሐል ላይ ቢቋረጥ ደግሞ ብዙ ጊዜ እንደገና መጀመር ሊመጣ ነው። ኢንተርኔት ላለቀው አጭር ቪዲዮ ይሆናል እንጂ ለጥሬው ቀረጻ የዕለት ሥራ አይሆንም።

2. ቢትና ባይትን አንደባልቅ

የካሜራና የኔትዎርክ ፍጥነት የሚለካው በቢት ነው። የዲስክ ፍጥነትና የፋይል መጠን ደግሞ በባይት ይለካል። 1 ባይት 8 ቢት ነው። ስለዚህ ሜጋቢትን ወደ ሜጋባይት ለመለወጥ ለ8 ማካፈል ነው። ይህችን አንዲት ማካፈል የዘለለ ሰው ከሚያስፈልገው ስምንት እጥፍ ይገዛል፤ ወይም ስምንት እጥፍ ያነሰ ገዝቶ ይጸጸታል።

የኔትዎርክ ገመድ በሰከንድ ሊያሳልፍ የሚችለው እንደሚከተለው ነው፦

ሀ/ የ100 ሜጋቢት ኔትዎርክ — 12.5 ሜጋባይት
ለ/ የ1 ጊጋቢት ኔትዎርክ — 125 ሜጋባይት፤ በተግባር ወደ 110
ሐ/ የ2.5 ጊጋቢት ኔትዎርክ — 312 ሜጋባይት ገደማ፤ በተግባር ወደ 280
መ/ የ10 ጊጋቢት ኔትዎርክ — 1,250 ሜጋባይት፤ በተግባር ከዚህ ያነሰ

አሁን አንድ ምሳሌ እንውሰድ። አራት አቀናባሪዎች አሉ እንበል። እያንዳንዱ የሚሠራበት ትምህርት በሁለት ካሜራ የተቀረጸ ነው፤ አንዱ መምህሩን፣ ሌላው ተማሪዎቹን ያሳያል። ሁለቱም ካሜራዎች በሰከንድ 100 ሜጋቢት ይቀርጻሉ። 100 ለ8 ሲካፈል 12.5 ሜጋባይት ይሆናል። ሁለቱን ካሜራ ጎን ለጎን ሲያዩ 25 ሜጋባይት፤ አራቱ አቀናባሪዎች በአንድ ጊዜ ሲሠሩ 100 ሜጋባይት በሰከንድ ማለት ነው።

የ1 ጊጋቢት ገመድ በተግባር ወደ 110 ያሳልፋል። ስለዚህ በወረቀት ላይ በቃ። ነገር ግን አንድ አምስተኛ ሰው መጥቶ የካሜራ ካርድ መገልበጥ ቢጀምር የአራቱም ሥዕል ይንተፋተፋል። ገመዱ ጠበበ እንጂ ኮምፒዩተሮቹ አላረጁም። ብዙ ጊዜ «ኮምፒዩተሩ ደክሟል፣ አዲስ ይገዛልን» የሚባለው እንዲህ ባለ ጊዜ ነው። ያልታመመውን ማከም ይሏል ይህ ነው።

3. የሚያልፈውን መቀነስ

እዚህ ላይ ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው መንገዱን ማስፋት ነው፤ ማለትም የ2.5 ወይም የ10 ጊጋቢት ስዊችና ካርድ መግዛት። ሁለተኛው በመንገዱ የሚያልፈውን ጭነት መቀነስ ነው። ሁለተኛው ገንዘብ አይጠይቅም፤ ጥቂት ትዕግሥት ብቻ ይጠይቃል።

ይህም ፕሮክሲ ይባላል። ፕሮክሲ ማለት ከጥሬው ቀረጻ የሚወጣ ቀለል ያለ ምትክ ቅጂ ነው። አቀናባሪው የሚቆርጠውና የሚቀጥለው በቀላሉ ቅጂ ላይ ነው። ሥራው ሲያልቅ ማቀናበሪያው ፕሮግራም ራሱ ወደ ጥሬው ቀረጻ ተመልሶ የመጨረሻውን ቪዲዮ በሙሉ ጥራት ያወጣል። ዛሬ በሰፊው የሚሠራባቸው እንደ ፕሪሚየርና ዳቪንቺ ሪዞልቭ ያሉ ፕሮግራሞች ይህን ይችላሉ።

በሰከንድ 36 ሜጋቢት የሆነ ፕሮክሲ ብናዘጋጅ፣ 36 ለ8 ሲካፈል 4.5 ሜጋባይት ነው። ሁለት ካሜራ 9፤ አራት አቀናባሪ 36 ሜጋባይት በሰከንድ። ከ100 ወደ 36 ወረደ ማለት ነው። አሁን ተራው የ1 ጊጋቢት ስዊች ሥራውን ይሸከማል፤ ካርድ የሚገለብጠውም ሰው ቦታ ያገኛል። ፕሮክሲው ማታ ማታ፣ ሰው በሌለበት ሰዓት እንዲዘጋጅ ማዘዝ ይቻላል።

ይሁን እንጂ ከ100 ሜጋቢት ኔትዎርክ ብዙ አንጠብቅ። 12.5 ሜጋባይት ለ36 አይበቃም። ግድግዳው ውስጥ ያለው ገመድ ካት 5ኢ የተባለው ዓይነት ከሆነ ግን 1 ጊጋቢትን እስከ 100 ሜትር ድረስ ይሸከማል፤ ብዙ ጊዜ መለወጥ ያለበት ስዊቹ ብቻ ነው። ዋይፋይም ቢሆን አየሩን ሁሉም የሚጋራው ስለሆነ ለዚህ ሥራ አይመከርም። አቀናባሪ በገመድ ይሠራል።

4. ስንት ቴራባይት ይበቃናል?

በአንድ መንፈቀ ዓመት 20 ትምህርቶች ይቀረጻሉ እንበል። እያንዳንዱ 40 ደቂቃ፣ በሁለት ካሜራ።

20 ሲባዛ በ40 ሲባዛ በ2 — 1,600 ደቂቃ፤ ይህም 26.7 ሰዓት ገደማ ነው።
ጥሬው ቀረጻ፦ 26.7 ሲባዛ በ45 — 1,200 ጊጋባይት ገደማ።
ፕሮክሲው፦ 26.7 ሲባዛ በ16.2 — 430 ጊጋባይት ገደማ።

ድምሩ 1.6 ቴራባይት ያህል ነው። ያለቁት ቪዲዮዎች፣ ድምፅና ጽሑፍ ተጨምረው 2 ቴራባይት ብንይዝ፣ ለዓመቱ 4 ቴራባይት ይሆናል። ዲስክ እስከ አፉ ሲሞላ ስለሚዘገይ ከአምስት እጅ አንዱን ባዶ መተው ጥሩ ልማድ ነው። ስለዚህ 8 ቴራባይት የሚይዝ ማከማቻ አንድ ዓመት ከመንፈቅ በምቾት ያሠራል።

5. ምን ይገዛ?

ገንዘብ ሲያንስ የወጪው ቅደም ተከተል ትልቅ ትርጉም አለው። እኛ የሚከተለውን ተራ እንመክራለን።

አንደኛ፣ ዲስኮች። ተመሳሳይ መጠን ያላቸው ሁለት ዲስኮች ተገዝተው አንዱ የሌላው መስተዋት እንዲሆን ይደረጋል። አንዱ ቢሞት ሌላው ሥራውን ይቀጥላል። ሁለቱ 8፣ 8 ቴራባይት ቢሆኑ መጠቀም የሚቻለው 8 ብቻ መሆኑን አንርሳ። ብዙ ርካሽ ዲስኮችን አቀናጅቶ የአንድ ውድ ዲስክ ሥራ ማሠራት ይቻላል የሚለውን ሐሳብ ሬይድ በሚል ስም እ.ኤ.አ. በ1988 ያቀረቡት በካሊፎርኒያ በርክሌይ የነበሩት ፓተርሰን፣ ጊብሰንና ካትዝ ናቸው። ስሙን ሲያወጡለትም «ርካሽ» የሚለው ቃል በውስጡ ነበረበት። ያገለገለ ዲስክ የሚገዛ ሰው ዲስኩ ራሱ የሚመዘግበውን የሠራበትን ሰዓት ብዛትና የተበላሹ ቦታዎችን ቁጥር ሳያይ ገንዘብ አይክፈል። ይህን የሚያሳዩ ነፃ ፕሮግራሞች አሉ።

ሁለተኛ፣ ዩፒኤስ። መብራት ድንገት ሲጠፋ ዲስክ እየጻፈ ከነበረ ፋይሉ ሊበላሽ ይችላል። ዩፒኤሱ በገመድ ከሰርቨሩ ጋር ተገናኝቶ፣ ባትሪው ሲያልቅ ሰርቨሩ ራሱን በሥርዓት እንዲዘጋ መደረግ አለበት። እንዲህ ካልሆነ ዩፒኤሱ ጨለማውን በጥቂት ደቂቃ ከማዘግየት አያልፍም። ስዊቹም እዚያው ዩፒኤስ ላይ ይሰካ።

ሦስተኛ፣ የ1 ጊጋቢት ስዊችና ደኅና ገመድ።

አራተኛና መጨረሻ፣ ሰርቨሩ። ሁለት ወይም አራት ዲስክ የሚይዙ፣ ለዚሁ ሥራ የተዘጋጁ ሳጥኖች ገበያ ላይ አሉ። አቅም ከሌለ ግን ከቢሮ የተመለሰ፣ 8 ጊጋባይት ሜሞሪ ያለው አሮጌ ኮምፒዩተር ይበቃል። ትሩናስና ኦፕንሚዲያቮልት የተባሉት ሥርዓቶች በነፃ ይገኛሉ። ሥርዓቱ የሚጫንበት ትንሽ ዲስክ ግን ቪዲዮ ከሚቀመጥባቸው ዲስኮች የተለየ ይሁን። ፋይል ማካፈል እንጂ ሥዕል ማቀናበር የሰርቨሩ ሥራ ስላልሆነ ኃይለኛ ማሽን አያስፈልገውም።

እንግዲህ ብዙ ሰው የሚጀምረው ከሰርቨሩ ነው፤ የሚያምረው እሱ ነውና። እኛ መጨረሻ ላይ ያደረግነው ሆን ብለን ነው።

6. መስተዋት መጠባበቂያ አይደለም

ይህን ክፍል አንባብያን በተለይ እንዲያስተውሉት እንለምናለን። ሁለቱ ዲስኮች አንዱ የሌላው መስተዋት ናቸው ብለናል። መስተዋት ታማኝ ነው፤ ያየውን ሁሉ ያሳያል። አንድ ሰው ፎልደር ቢያጠፋ በዚያችው ቅጽበት ከሁለቱም ይጠፋል። ቫይረስ ቢገባም ሁለቱንም ያበላሻል። መስተዋት ከዲስክ ሞት ያድናል፤ ከሰው እጅ፣ ከሌባና ከእሳት አያድንም።

እ.ኤ.አ. በ1998 በአሜሪካ የፒክሳር ኩባንያ «ቶይ ስቶሪ 2» የተባለውን ፊልም ሲሠራ አንድ የማጥፊያ ትእዛዝ በስሕተት ተሰጥቶ አብዛኛው የፊልሙ ክፍል ከሰርቨሩ ጠፋ። መጠባበቂያ ቅጂው ሲፈተሽ በትክክል ሲሠራ አልቆየም። ፊልሙን ያተረፈው የቴክኒክ ኃላፊዋ ጌሊን ሱስማን ልጅ ወልደው ከቤታቸው ይሠሩ ስለነበር በቤታቸው ኮምፒዩተር የነበረው ቅጂ ነው። ከዚህ ሁለት ትምህርት እናገኛለን። አንደኛ፣ ያልተፈተሸ መጠባበቂያ እንደሌለ ይቆጠራል። ሁለተኛ፣ ያዳነው ቅጂ ሌላ ሕንፃ ውስጥ የነበረው ነው።

በሙያው የተለመደው ደንብ 3፣ 2፣ 1 ይባላል። ይኸውም ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት መሣሪያ፣ አንዱ ከግቢው ወይም ቢያንስ ከሕንፃው ውጪ። ለእኛ ዓይነት ቡድን ይህ እንዲህ ይተረጎማል፦ ዋናው በሰርቨሩ ላይ፤ ሁለተኛው በየሳምንቱ ዓርብ በሚገለበጥ ውጫዊ ዲስክ ላይ፤ ሦስተኛው በሌላ ሕንፃ፣ ለምሳሌ በቤተ መጻሕፍት በተቆለፈ ቁም ሣጥን ውስጥ። ሁለቱ ውጫዊ ዲስኮች በየሳምንቱ ይለዋወጣሉ። የተገለበጠበት ዲስክ ወዲያው ይነቀል፤ እንደተሰካ የሚውል ዲስክ ከሰርቨሩ ጋር አብሮ ሊጠፋ ይችላል። በወር አንድ ጊዜ ደግሞ አንድ ፋይል ከመጠባበቂያው ተመልሶ ተከፍቶ ይታይ። ሳይቃጠል በቅጠል ነው ነገሩ።

የካሜራውም ካርድ ቀረጻው በሁለት ቦታ መቀመጡ ሳይረጋገጥ በፍጹም አይጥፋ።

7. የቡድኑ ሥርዓት

ዕቃው ተገዝቶ ሥርዓት ከሌለ ሰርቨሩ ትልቅ ፍላሽ ሆኖ ይቀራል። የሚከተሉት ደንቦች ተጽፈው በክፍሉ በር ላይ ይለጠፉ።

ሀ/ አንድ ኃላፊ ይመደብ። ጥሬ ቀረጻ የሚያስገባና የሚያጠፋ እርሱ ወይም እርሷ ብቻ ነው። ለሌሎቹ ጥሬው ቀረጻ ማየት እንጂ መለወጥ የማይቻል ይሁን። ኃላፊው ሲመረቅ ወይም ሲዛወር የይለፍ ቃሉ በጽሑፍ ርክክብ ይተላለፍ።

ለ/ የአንድን ፕሮጀክት ፋይል በአንድ ጊዜ አንድ ሰው ብቻ ይክፈት። ሁለት ሰው ከፍቶ ሁለቱም ካስቀመጡ የኋለኛው የፊተኛውን ያጠፋዋል። ፕሮግራሙ ራሱ የሚቆልፍ ከሆነ መልካም፤ ካልሆነ ግድግዳ ላይ የስም ሰሌዳ ይበቃል።

ሐ/ ጊዜያዊ ፋይሎች በየአቀናባሪው ማሽን ላይ ይቀመጡ። የጋራ ማከማቻው በሁሉም ኮምፒዩተሮች ላይ በአንድ ዓይነት የድራይቭ ፊደል ይከፈት፤ ካልሆነ ፕሮግራሙ በአንዱ ማሽን ያገኘውን ቪዲዮ በሌላው «የለም» ይላል።

መ/ ቀን ሲጻፍ ዓመት፣ ወር፣ ቀን በሚል ተራ ይጻፍ፤ ያን ጊዜ ፋይሎቹ በራሳቸው ይደረደራሉ። ካሜራው የሚመዘግበው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ እኛ ደግሞ በራሳችን እናስባለን። ከሁለቱ አንዱ ተመርጦ ሁሌ እርሱ ብቻ ይጻፍ።

ሠ/ ስም በፊደላችን የሚጻፍ ከሆነ በአጻጻፉ አስቀድመን እንስማማ። ለእኛ «ሒሳብ» እና «ሂሳብ» አንድ ናቸው፤ ለኮምፒዩተሩ ግን ሁለት የተለያዩ ስሞች ናቸው። በአንዱ ጽፎ በሌላው የሚፈልግ ሰው ሊያጣ ይችላል።

ረ/ በቀረጻው ውስጥ ያሉት ሕፃናት የወላጅ አደራ ናቸው። ማከማቻው ያለ ይለፍ ቃል አይከፈት፤ ከኢንተርኔትም በቀጥታ የሚደረስበት አይሁን። እ.ኤ.አ. በ2021 እና በ2022 ለኢንተርኔት ክፍት በተተዉ ማከማቻዎች ላይ ፋይል ቆልፈው ገንዘብ የሚጠይቁ ፕሮግራሞች በብዙ አገሮች ጉዳት አድርሰዋል።

መደምደሚያ

ከዚህ በላይ ለማሳየት እንደሞከርነው፣ ለአራት ሰው ቡድን የሚሆን የጋራ ማከማቻ ከአንድ አሮጌ ኮምፒዩተር፣ ከሁለት ዲስክ፣ ከአንድ ዩፒኤስና ከአንድ ተራ ስዊች ሊሠራ ይችላል። ለመጠባበቂያ ደግሞ ሁለት ውጫዊ ዲስክ ይጨመራል። የቀረው ስሌትና ሥርዓት ነው። ሁለቱም በገንዘብ አይገዙም፤ ሁለቱም ግን መምህር የሚያስተምራቸው ነገሮች ናቸው። ዘንድሮ የተቀረጸ ጥሩ ትምህርት ከዓመታት በኋላ የሚመጣውን ሠልጣኝ የሚያስተምረው በቦታው ከተገኘ ብቻ ነው።

መልመጃ

1. ሦስት አቀናባሪዎች እያንዳንዳቸው የሦስት ካሜራ ቀረጻ በአንድ ጊዜ ያያሉ። እያንዳንዱ ካሜራ በሰከንድ 50 ሜጋቢት ይቀርጻል። ያለ ፕሮክሲ የ1 ጊጋቢት ኔትዎርክ ይበቃቸዋል? (መልስ፦ 450 ሜጋቢት፣ ማለትም 56 ሜጋባይት ገደማ በሰከንድ፤ ይበቃል።)

2. በክፍል 4 ያለውን ስሌት በራሳችሁ ክፍል የቀረጻ ብዛትና በካሜራችሁ ፍጥነት መልሳችሁ ሥሩ።

3. ለውይይት፦ ዛሬ ማታ የምትሠሩበት ኮምፒዩተር ቢሰረቅ ነገ ጠዋት ምን ይቀራችኋል? መልሱን በወረቀት ጽፋችሁ በቡድን ተወያዩበት።